ስማቸው ያልተጠራ፣ እንጀራቸው ያልጠፋ ሙያዎች

ደብተርና እርሳሳችሁን ይዛችሁ እንደተቀመጣችሁ አምናለሁ። መነጽር ያላችሁ መነጽራችሁን አድርጉ። ይህን ንግግር በራዲዮ ሳትሰሙ ቀርታችሁ አሁን በወረቀት የምታነቡም አላችሁ። እናንተ ደግሞ መስመሩን በጣታችሁ እየተከተላችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ማንም አያስቸኩላችሁም።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሥራ ነው። “ልጃችሁ ሲያድግ ምን እንዲሆን ትፈልጋላችሁ?” ብዬ ብጠይቃችሁ መልሳችሁን አውቀዋለሁ። ሐኪም ትላላችሁ። መሐንዲስ ትላላችሁ። ቢሮ የሚገባ የመንግሥት ሠራተኛ ትላላችሁ። መልካም ምኞት ነው። ነገር ግን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ግራና ቀኛችሁን ተመልከቱ። እጁ በቅባት የጠቆረ ሰው ታያላችሁ። ፊቱን ሸፍኖ ብረት የሚበይድ ታያላችሁ። ከጎማ ክምር መካከል ተንበርክኮ የሚሠራ ታያላችሁ። “ልጄ እንደሱ ይሁንልኝ” የሚል ወላጅ ግን ብዙ አላየሁም። ሰዎቹ ግን ሥራ ፈትተው አያውቁም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ከእኔ ከመምህሩ የተሻለ ያገኛሉ።

ይህ ለምን ሆነ? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ሄደን የመንገዳችንን ታሪክ እንመልከት።

1. የሲራራ ዘመን

መኪና ከመምጣቱ በፊት በወሎ ዕቃ የሚጓዘው በከብት ጀርባ ነበር። ከአፋር ቆላ ጨው የጫነ ግመል ወደ ባቲ ይወጣል። ባቲ እስከ ዛሬ ድረስ ትልቁ ገበያዋ ሰኞ ነው። ግመል የቆላ ከብት ነው፤ የደጋው ዳገትና ብርድ አይስማማውም። ስለዚህ ጨዉ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ደጋ ይወጣል። ያን ጊዜ አሞሌ ጨው ለወጥ ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም። እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበር።

ታዲያ በዚህ ንግድ ውስጥ የምናስታውሰው ማንን ነው? ነጋድራሱን ነው። ባለ ሀብቱን ነጋዴ ነው። ጫኙን ግን አናስታውሰውም። ጫኝ ማለት ጭነቱን በከብቱ ጀርባ ላይ የሚያስተካክል ሰው ነው። ግራውና ቀኙ ካልተመዛዘነ የበቅሎዋ ጀርባ ይላላጣል። ጀርባዋ የተላላጠ በቅሎ ደግሞ መንገድ ላይ ትቀራለች። በቅሎዋ ከቀረች ጨዉም ቀረ፤ ትርፉም ቀረ። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ጥሩ ጫኝ ሲያገኝ አይለቀውም ነበር።

ይህን ነገር በልባችሁ ያዙት። የሌላው ሰው ሀብት በአንድ ሰው እጅ ላይ ሲንጠለጠል፣ ያ እጅ ዋጋ ያገኛል።

2. የስድብ ዘመን

እንግዲህ አንድ እንቆቅልሽ ልንገራችሁ። ያለ ማረሻ አይታረስም። ያለ ሸማ አይለበስም። ያለ ቆዳ ኮርቻም ጠፍርም የለም። ሆኖም በአገራችን ማረሻ የሚሠራው፣ ሸማ የሚሸምነውና ቆዳ የሚያለፋው ሰው ይናቅ ነበር። ብረት ሠሪው “ጠይብ”፣ ቆዳ ሠሪው “ፋቂ” እየተባለ ይሰደብ ነበር። “ቡዳ ነው” ተብሎም ይፈራ ነበር። ሰው በቀን ማረሻውን ያሠራዋል፤ ማታ ከእሱ ጋር እህል አይበላም።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በዚህ ጉዳይ ላይ አዋጅ አወጡ። ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። አዋጁ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ቆዳ ሠሪውን አንሥቷል። ጽሕፈት የሚያውቀውንም ሰው “ጠንቋይ” እያሉ መስደብን ነቅፏል። አያችሁ? ዛሬ እናንተ የምትማሩት ፊደል እንኳ በዚያ ዘመን ያሰድብ ነበር!

አዋጅ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ንቀት በአንድ አዋጅ ከሰው ልብ አይወጣም። ይህ ንቀት እስከ ዛሬ ድረስ ዳፋው አለ። “ልጄ ቅባት አይነካም” ስንል፣ ያ የጥንቱ ስድብ በሌላ አፍ እየተናገረ ነው።

3. የሽቦው ዘመን

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከ1894 እስከ 1896 ዓ.ም. ድረስ፣ ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘረጋ። ሽቦው የወሎን ምድር አቋርጦ አለፈ። ከሽቦው ጋር አዲስ ሥራ መጣ። መልእክት ተቀባዩና መልእክት አስተላላፊው፣ የተበጠሰውን ሽቦ እየዞረ የሚቀጥለው ሰው ተፈለጉ። እንዲህ ያለ ሥራ በአያት በቅድመ አያት አይታወቅም። ማን ያዘው? ፊደልና ቁጥር የሚያውቅ ሰው ያዘው። ጉልበት የነበረው ሰው ብዙ ነበር። ጽፎ የሚያነብ ግን ጥቂት ነበር።

4. የጎማው ዘመን

ደሴ የወሎ ከተማ ሆና ያደገችው በራስ ሚካኤል፣ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል በተባሉት ገዥ መቀመጫነት ነው። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር ደሴ ገባ። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋ ከጠላት እጅ ወጣች።

ጠላት በእነዚህ አምስት ዓመታት መንገድ ሠራ። የሠራው ለእኛ ብሎ አይደለም፤ ለጦሩና ለአገዛዙ ብሎ ነው። አንዱ መንገድ ከአዲስ አበባ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ በኮምቦልቻና በደሴ በኩል ወደ አስመራ ይሄዳል። ሌላው ከኮምቦልቻ በባቲ ወርዶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አሰብ ወደብ ይደርሳል። ኮምቦልቻ የሁለቱ መንገዶች መገናኛ ሆነች። የኮምቦልቻ ዕድል የተጻፈው በዚህ መገናኛ ላይ ነው።

ጠላት ሄደ፤ ቃሉ ግን ቀረ። እስቲ እነዚህን ቃላት በደብተራችሁ ጻፉ፦ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ማስቲሽ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። አባቶቻችን እነዚህን ቃላት ከመጽሐፍ አልተማሯቸውም። መኪና ሥር ተኝተው፣ መፍቻ እያቀበሉ ነው የተማሯቸው። ሙያውን ወስደው የራሳቸው አደረጉት።

አሁን ስለ ጎሚስታው ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ሥራውን ቀላል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ መኪናው በባቲ ቁልቁል ወርዶ የአፋር ቆላ ይገባል። ከብርድ ወጥቶ ሐሩር ውስጥ ገባ ማለት ነው። ጎማ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ጭነት ከበዛና ጎማው ካረጀ ይፈነዳል። ከኋላ ተሳቢ የሚጎትት መኪና ብዙ ጎማ አለው። ስለዚህ ጎሚስታ የማያስፈልገው ቀን የለም።

ጎሚስታው እንዲህ ይሠራል። ጎማውን ከቸርኬው ያወጣል። የውስጡን ጎማ አየር ሞልቶ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። ቀዳዳው ካለበት ቦታ አረፋ ይወጣል። ቦታውን ምልክት አድርጎ ያደርቀዋል። በሞረድ ይፍቀዋል፤ ማስቲሽ ይቀባዋል፤ ልጣፊ ይለጥፍበታል። ከዚያ በሙቀት ይጫነዋል። ድሮ ለሙቀቱ ከመኪና ሞተር የወጣ አሮጌ ፒስተን ይጠቀሙ ነበር። በፒስተኑ ጉድጓድ ውስጥ ጥቂት ነዳጅ ጨምረው ያነዱታል። ሙቀቱ ልጣፊውን ከጎማው ጋር ያዋሕደዋል። እሳቱ ከበዛ ጎማው ይቃጠላል፤ ካነሰ ልጣፊው መንገድ ላይ ይለቃል። ልኩን የሚያውቀው ሙያተኛው ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራው መጨረሻው ነው። በብዙ የጭነት መኪና ቸርኬ ላይ ጎማውን የሚይዝ የብረት ቀለበት አለ። ቀለበቱ በትክክል ሳይገባ አየር ከተሞላ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ስለዚህ አዋቂ ጎሚስታ አየር ሲሞላ ፊት ለፊት አይቆምም። ቸርኬውን በሰንሰለት ያስረዋል፤ ወይም በብረት ፍርግርግ ውስጥ ያስገባዋል። ዐይኑ ደግሞ ከግፊት መለኪያው ላይ አይነሣም። መለኪያው ላይ ያለው ምንድን ነው? ቁጥር ነው። በጎማው ጎን ላይ የታተመውስ? እሱም ቁጥር ነው። ቁጥር የማያነብ ጎሚስታ በሞት አጠገብ የሚሠራ ሰው ነው።

5. የራሴ ስሕተት

አሁን አንድ የራሴን ነገር ልናገር። ከመናገሬ በፊት ግን ትንሽ አፍራለሁ።

ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን አንድ ተማሪ ነበረኝ። በትምህርቱ መካከለኛ ነበር፤ በሒሳብ ግን ጎበዝ ነው። ቤታቸው ድሃ ስለ ነበረ ትምህርቱን አቋርጦ ጎሚስታ ቤት ገባ። እናቱ እኔ ዘንድ መጥተው፣ “መምህር፣ ልጄ ምን ይሻለዋል?” አሉኝ። እኔም፣ “ልጅዎ ጠፋ በሉት፤ ጎማ ሲፍቅ ዕድሜው ያልቃል” አልኳቸው። ሴትዮዋ አልቅሰው ሄዱ። ምክር መስጠቴ ነበር። ለካ ያደረግኩት መስደብ ብቻ ነው።

ከዓመታት በኋላ በአውቶቡስ ወደ ባቲ ስሄድ ጎማ ፈነዳብን። ሊመሽ ነው። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴትም ነበሩ። ረዳቱ ወደ ኮምቦልቻ ደወለ። አንድ ወጣት በሞተር ሳይክል ዕቃውን ጭኖ መጣ። አየሁት፤ ያ ልጅ ነው! ጎማውን ፈታ፤ ጠገነ፤ አየር ሞላ። ሲጨርስ ሰላም ሊለኝ መጣ። እጁን ስለ ቆሸሸ አልሰጠኝም፤ ክንዱን ዘረጋልኝ። እኔም ያልኩትን ነገር አስታውሼ፣ “ይቅር በለኝ” አልኩት። እሱም መለኪያውን አሳይቶኝ፣ “መምህር፣ ይህን የማነበው እርስዎ ባስተማሩኝ ቁጥር ነው” አለኝ። ቤት ሠርቷል፤ ሁለት ታናናሾቹን ያስተምራል። እናቱ ዛሬ ሲያገኙኝ ስለዚያ ቀን አያነሡብኝም። እኔ ግን አልረሳውም።

6. ዋጋው ከየት መጣ?

እንዲህ ያለ ሙያ ለምን ጥሩ ይከፈለዋል? ሦስት ምክንያት እሰጣችኋለሁ።

አንደኛ፣ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። የሚናቅ ሥራ ስለሆነ ብዙ ሰው አይማረውም። ንቀቱ ራሱ ሙያተኛውን ብርቅ ያደርገዋል።

ሁለተኛ፣ ሥራው አይቆይም። ለምሳሌ፣ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ሲውል በቀን 5,000 ብር ይከስራል እንበል። ባለቤቱ ለጥገና 500 ብር መክፈል ይከብደዋል? አይከብደውም። የሚከፍለው ለልጣፊው ብቻ አይደለም፤ ለዳነለት ቀን ጭምር ነው።

ሦስተኛ፣ ስሕተቱ ነፍስ ያጠፋል። ስለዚህ የታመነ እጅ ይፈለጋል።

በ1977 ዓ.ም. ወሎ በድርቅና በረሀብ ክፉኛ ሲጎዳ የእርዳታ እህል በአሰብ ወደብ ገባ። መኪናዎች እህሉን ጭነው በዚሁ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ወጡ። እህሉን ያመጣው ሾፌር ብቻ ነው? አይደለም። በበረሃ ጎማ የጠገነው፣ የተሰበረ ባሌስትራ የቀየረው፣ መንገዱን በግሬደር የጠረገውም አምጥቶታል። የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የግሬደርና የዶዘር ነጂ የሚባል አዲስ ሙያተኛ በየመንገዱ ታየ። ስሙን ማንም አይጽፈውም። አንድ መኪና ሲቆም ግን ስንት ቤት እሳት ሳይነድ እንደሚያድር አስቡት።

7. የእንፋሎቱ ዘመን

በ1970ዎቹ ዓ.ም. ኮምቦልቻ ላይ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠራ። የቆዳና የቢራ ፋብሪካም በከተማዋ አለ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ሰው ስለ ፋብሪካ ሲያስብ ክር የምትቀጥለውን ሠራተኛ ያስባል። ስለ ቦይለር ሠራተኛው ግን አያስብም።

ቦይለር ትልቅ የተዘጋ የብረት ጋን ነው። ውኃ ያፈላል፤ እንፋሎት ይሰጣል። ጨርቅ ለማቅለምም ሆነ ቢራ ለመጥመቅ እንፋሎት ያስፈልጋል። የቦይለር ሠራተኛ ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ የውኃውን ልክና የእንፋሎቱን ግፊት። ውኃው አልቆ ብረቱ ከጋለ በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ ቢገባበት ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ ፍንዳታ ብዙ ሰው ፈጅቷል። በዚህ የተነሣ በ1854 እ.ኤ.አ. በማንቸስተር ከተማ ቦይለርን የሚመረምር ማኅበር ተቋቋመ። የእኛም ሠራተኛ የመለኪያውን ቁጥር እያነበበ በመዝገብ ይጽፋል። የሚጽፈው እንደ እናንተ በእርሳስ ነው። ያቺ አጭር መስመር የብዙ ሰው ሕይወት ትጠብቃለች።

ይህ ሥራ ለወንድ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ቁጥር ማንበብና አለመዘንጋት ጢም አይጠይቅም። እናንት እናቶች፣ ድስቱ ሳይገነፍል ክዳኑን የምታነሡት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?

8. ሥራው ሲያልፍ

እውነቱን ልንገራችሁ። ጥሩ የሚከፍል ሥራ ሁሉ ዘላለማዊ አይደለም። ጫኙ በመኪና ተተካ። ቴሌግራፉ በስልክ ተተካ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ለንግዳችን ተዘጋ። ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፤ ማሽኖች ተሰባበሩ።

ታዲያ በእንዲህ ያለ ጊዜ ማን ይተርፋል? ሕንፃ ይቃጠላል፤ ማሽን ይወሰዳል። እጅ ያወቀውን ግን ማንም ነቅሎ አይወስድም። መንገዱ ሲዞር ባለሙያው ዕቃውን ጭኖ መንገዱ ወደ ዞረበት ይሄዳል። ፋብሪካ ዳግም ሲነሣ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠራው በያጁ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውና መካኒኩ ነው።

ሌላም እውነት አለ። ይህ ሥራ ሰውነት ይጎዳል። ያለ መነጽር የሚበይድ ሰው ዐይኑ ሊጎዳ ይችላል። በየጋራዡ ደግሞ ልጆችን ለዓመታት ያለ ደመወዝ የሚያሠሩ አሉ። ልጃችሁን ስታስገቡ ጠይቁ፦ “ምን ያህል ጊዜ ይማራል? ምን ይከፈለዋል? የዐይንና የእጅ መከላከያ አለ ወይ?” የምትስማሙበትን ነገር በወረቀት አስፍሩ። ሳታነቡ ጣታችሁን አታትሙ። እናንተ እኮ አሁን ማንበብ ጀምራችኋል!

ሙያውን በትምህርት ቤት መማርም ይቻላል። ኮምቦልቻ ላይ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አለ። ደሴ ላይ ደግሞ በወይዘሮ ስኂን ስም የሚጠራ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አለ። ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ነበሩ። በንጉሥ ልጅ ስም በተጠራ ቤት ውስጥ ዛሬ የእጅ ሙያ ይሰጣል። ብረት ሠሪው ይሰደብ ከነበረበት ዘመን እዚህ ደርሰናል። ይህም ራሱ ታሪክ ነው።

ውድ አድማጮች፣ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ጠይቋቸው፦ “በሠፈራችን ማን ከሌለ ነው ሥራ የሚቆመው?” መልሱ ምናልባት ባለ ካፖርቱ ሰውዬ አይሆንም። ያን ሰው ነገ ስታገኙት “እንደምን አደርክ?” በሉት። እጁ ቢቆሽሽም ክንዱን ጨብጡት።

ለሳምንት ያድርሰን። ደህና ሰንብቱ።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ጫኙና ጎሚስታው በምን ይመሳሰላሉ?
2. በ1900 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ምን ከለከለ? በእናንተ ሠፈር ይህ ንቀት ጠፍቷል ወይ?
3. ጎሚስታና የቦይለር ሠራተኛ ቁጥር ማንበብ ለምን ያስፈልጋቸዋል?
4. በአካባቢያችሁ ሰው የማያስተውለው፣ ነገር ግን በጣም የሚፈለግ አንድ ሥራ ጥቀሱ። ስለ እሱ አምስት መስመር ጻፉ።

የቃላት ፍቺ

ሲራራ፦ ከአገር አገር በከብት ጭኖ የሚጓዝ ነጋዴ
ጎሚስታ፦ ጎማ ጠጋኝ
ቸርኬ፦ ጎማው የሚገባበት የብረት ክብ
ማስቲሽ፦ ማጣበቂያ
ተሳቢ፦ ከጭነት መኪና ኋላ የሚጎተት ጋሪ
ቦይለር፦ ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጥ የብረት ጋን